ኩሬው ስንት ይይዛል?

ዛሬ ጅጅጋ ነን።

ከተማዋ ሜዳ ላይ ናት፤ በምዕራብ የካራማራ ተራራ ይታያታል። በዲራና በካራን የዝናብ ወቅቶች ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል የደረቀውና የተረገጠው መሬት ውሃውን ቶሎ አይመጥጥም። እስቲ እናስላው፦ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ሄክታር ላይ ሲወርድ 300 ሺህ ሊትር ውሃ ነው። የጎርፍ መያዣ ኩሬ ከዚህ የቻለውን ያህል ያቆይና ቀስ እያለ ይለቃል።

የኩሬ ጠላቱ ደለል ነው። ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ 3 ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ 1 ሜትር ደለል ከሞላው የመያዝ አቅሙ በሲሶ ቀነሰ ማለት ነው። ከላይ ሲያዩት ግን ያው ኩሬ ነው!

የደለሉን መጠን ለማወቅ ተማሪዎች ይበቃሉ። በበጋ ኩሬው ሲደርቅ ከመምህራቸው ጋር ሆነው ምልክት ባለው ዘንግ ጥልቀቱን ይለኩ፤ በዓመቱ ይድገሙት። የውሃ መግቢያውን የዘጋው ፌስታልና ፕላስቲክ ከየት እንደመጣም ይመዝግቡ። ከሁሉ በላይ ጎርፉ በየት እንደሚመጣ አረጋውያንን ይጠይቁ። ብርካ ቆፍሮ የዝናብ ውሃ ሲያጠራቅም የኖረ ሕዝብ የውሃን መንገድ ያውቃል፤ እኔ የትኛውንም ካርታ ከዚህ አላስበልጥም።

ጎርፍ የሰው ሕይወትም ያጠፋል፦ ጎረቤት ድሬዳዋ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው አጥታለች። ውሃው የመጣው በሌሊት ነበር።

ወላጆች፣ ልጆቻችሁ የለኩትን ይዘው ሲመጡ አድምጧቸው። ልጆች፣ ውሃ የያዘ ኩሬ ውስጥ ግን አትግቡ።