መዝገቡን ማን ይረከበን?
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የማወራችሁ ስለምንኖርበት አገር፣ ስለ ኔዘርላንድ አልጋ ወራሽ ስለ ልዕልት አማሊያ ነው። «እኛን ከቤተ መንግሥት ምን አገናኘን?» እንደምትሉ አውቃለሁ፤ ጥቂት ታገሡኝ። የልጄ እኩያ ስለሆነች «እሷ» ብላት አትቀየሙኝ።

እ.ኤ.አ. በ2021 አማሊያ 18 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ሲቀሯት ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ለማርክ ሩተ ደብዳቤ ጻፈች። በሕጉ መሠረት ከ18 ዓመቷ ጀምሮ ለደመወዝና ለሥራ ማስኬጃ በዓመት 1.6 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ይገባት ነበር። እሷ ግን ተማሪ እስከሆነች ድረስ ደመወዙን እንደምትመልስ፣ የሥራ ማስኬጃውንም ከባድ ወጪ እስኪመጣባት እንደማትወስድ አስታወቀች። ሌሎች ተማሪዎች በኮሮና ተቸግረው ሳለ ሳትሠራ ገንዘብ መቀበሉ ከብዷት ነው።

በ2022 አምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ገባች። በደኅንነት ስጋት ከተማሪ ቤቷ ወጥታ ወደ ቤተ መንግሥት ብትመለስም፣ ለተወሰነ ጊዜም ማድሪድ ሆና ብትማርም፣ ትምህርቷን አላቋረጠችም።

ድሮም እንዲሁ ነው። በ1890 ንጉሡ ሲሞቱ ወራሿ ዊልሄልሚና የ10 ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ ንግሥት ኤማ በሞግዚትነት አስተዳደሩ፤ በ1898 ልጃቸው 18 ዓመት ሲሞላት ሥልጣኑን አስረከቧት።

እኔስ? ዘጠኝ ዓመት ገንዘብ ያዥ ስሆን አንድም ሳንቲም አላጎደልኩም። ግን «እኔ ካልሠራሁት ይበላሻል» እያልኩ ማንንም ወደ መዝገቡ አላስጠጋሁም። አምና ታምሜ ስተኛ፣ ሐዘን የደረሰባት እህታችን የሚገባትን ገንዘብ ሦስት ሳምንት ጠበቀች። የባንኩን ምስጢር ቁጥር የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። በራሴ አፈርኩ።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። ከሚመጣው ወር ጀምሮ ሁለት ወጣቶች አጠገቤ ተቀምጠው መዋጮ ይቀበሉ፣ ደረሰኝ ይቁረጡ፣ ሒሳብ ይዝጉ። ቢሳሳቱ እኛ እያለን ይታረማል። ከአንድ ዓመት በኋላ መዝገቡን አስረክባለሁ። ደጋፊዎቻችንም የሰጣችሁን ገንዘብ በአንዲት ሴት ጤና ላይ ተንጠልጥሎ አይቀርም።

ልጄ ይህን ስትሰማ «እማዬ፣ እኔ ልሁን?» አለችኝ። «የኛ አልጋ በዘር አይወረስም፤ ጉባዔው ይምረጥሽ» አልኳት። እነሆ፣ ምርጫው የእናንተ ነው።