የአዋቂ ሰው አንጎልና ፊደል

«ጭንቅላቴ ደርቋል፤ ፊደል አይገባኝም» የምትሉ አላችሁ። እስቲ ይህን ስሙ።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2010 ስታኒስላስ ደሃን የሚባሉ ፈረንሳዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ጥናት አወጡ። የብራዚልና የፖርቱጋል ሰዎችን፣ 63 አዋቂዎችን መረመሩ። 10ሩ ማንበብ አይችሉም። 22ቱ እንደናንተ ካደጉ በኋላ ፊደል የቆጠሩ ናቸው። የቀሩት በልጅነታቸው ተምረዋል። ጽሑፍ እያሳዩአቸው አንጎላቸው ሲሠራ በመሣሪያ አዩ።

በአንጎላችን ግራ በኩል፣ ወደ ኋላ ገደማ፣ ዓይን ያየውን ፊደል የሚለይ ቦታ አለ። ማንበብ በማይችሉት ዘንድ ይህ ቦታ ለጽሑፍ ብዙም አይሠራም። ካደጉ በኋላ በተማሩትስ? ጽሑፍ ሲያዩ ነቃ! ታዲያ የደረቀው ጭንቅላት የቱ ነው?

እርግጥ በልጅነታቸው የተማሩት ፈጠን ብለው ያነባሉ። እነሱማ ስንት ዓመት ሲያነቡ ኖረዋል!