ደጋ ነን ብለን አንዘናጋ



አባቶቻችን ወባን ሸሽተው ደጋ ይሰፍሩ ነበር። አሁን ግን አየሩ እየሞቀ ነው። ሙቀት ሲጨምር በትንኟ ሆድ ውስጥ ያለው የወባ ተውሳክ ቶሎ ያድጋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ በአገራችንና በኮሎምቢያ ደጋማ ቦታዎች የተካሄደ ጥናት በሞቃት ዓመታት ወባ ወደ ከፍታ እንደሚወጣ አሳይቷል። በሽታውን ያልለመደ የደጋ ሰው ደግሞ ይጸናበታል።

ስለዚህ ልጃችንን ሲያተኩሰው «እዚህ ወባ የለም» ብለን አንቀመጥ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ እናድርሰው። በደጃችን የተኛውን ውሃ እናፋስስ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዕቃን መክደን አስተምረውናልና የውዱእ በርሜላችንንም እንክደን። ሰበቡን እናድርስ፤ ከዚያ በአላህ እንመካ።

ወሰላሙ ዐለይኩም።