ጥሞናው ሲጥም

አድማጮቼ፣ ለዛሬ ያሰናዳሁት ሌላ ወግ ነበር፤ ለሚቀጥለው ሳምንት አሳደርኩት። በዚህ አንድ ወር ውስጥ ያው ጥያቄ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ፤ ሦስት ጊዜ የመጣን ጥያቄ ማሳደር ደግ አይደለም።

የዚህኛው ጥያቄ ባለቤት ካርቱም፣ አርካዊት በሚባለው ሰፈር ትኖር የነበረች እህታችን ናት። ስሟን አልጠራም፤ ዛሬ ያለችበትንም አልናገርም። ስሜትን ከልክ በላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚወስደው ባይፖላር የሚባል ሕመም እንዳለባት ሐኪም የነገራት እዚያው ካርቱም ሳለች ነው። ለዚሁ ሊቲየም የሚባል ክኒን ትወስዳለች። ማታ ሥራዋን ጨርሳ፣ ቤቱ ጭር ሲል፣ ዓይኗን ጨፍና ትንፋሿን እየቆጠረች መቀመጥ ለምዳለች፤ የተማረችው ከስልኳ ላይ ነው። በጦርነቱ ተኩሱ በበረታ ጊዜ ያቆየኝ እሱ ነበር ትላለች። አሁን አንድ ዘመዷ «የአንቺ ዓይነት ሕመም ያለበት ሰው ሜዲቴሽን አይነካም፤ ጨርሶ ያሳብድሻል» አላት። ሌላዋ ደግሞ «ይህን የመሰለ ሰላም አግኝተሽ ክኒን ምን ያደርግልሻል?» አለቻት። ማንን ልስማ ነው ጥያቄዋ።

ሁለቱንም አትስሚ፣ እህቴ። በጥሞና መቀመጡን ማንም አይከልክልሽ፤ ክኒኑንም ማንም አያስጥልሽ። እኔ የምፈራልሽ ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ለመናገር ግን ወደ አርካዊት ልመለስ።

እኔም እዚያው ሰፈር ኖሬያለሁ። በሙቀቱ ወራት ሌሊት ቤት ውስጥ ማን ይተኛል? ዐንገሬባችንን፣ የገመድ አልጋችንን ማለቴ ነው፣ አውጥተን ሆሹ ማለትም ግቢው ላይ ደርድረን ነበር የምናድረው፤ ስለዚህ ማን እንደተኛ፣ ማን እንዳልተኛ ግቢው ሁሉ ያውቃል። አንድ ወንድማችን ሱባኤ ያዘ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ፊቱ በራ። ሌሊቱን መቁጠሪያውን ይዞ ቆሞ ያድራል፤ ጠዋት ከሁላችን ቀድሞ ሥራ ይሄዳል። አይደክመውም። ንግግሩ ይጣፍጣል፤ የተኳረፉትን ሁለት ጎረቤቶች ያስታረቀው በዚያ ሰሞን ነው። «ጸጋ በዝቶለት ነው» ተባባልን። እኔም ብያለሁ፤ ዛሬ ድረስ ይቆጨኛል። በአምስተኛው ቀን የወር ደመወዙን መንገድ ዳር ሻይ ለሚሸጡት ሴቶች አከፋፈለ። በስድስተኛው፣ በቀትር፣ አስፋልቱ በሚፋጅበት ሰዓት፣ በባዶ እግሩ ወደ ኤርፖርቱ መንገድ ሲገሰግስ ደረስንበት። የሚያደርሰው መልእክት እንዳለው፣ የሚጠብቁት ሰዎች እንዳሉ ይነግረን ነበር። ሱባኤውን ሲይዝ የዚሁ ሕመም መድኃኒቱን እንዳቆመ የሰማነው ሆስፒታል ከገባ በኋላ ነው። በአንድ ሆሽ ጎን ለጎን ስናድር፣ «ወንድሜ፣ ካልተኛህ ስንት ሌሊት ሆነህ?» ብሎ የጠየቀው አንድም ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ዋናው ነገሬ ይኸው ነው፤ እባካችሁ ድምፁን ከፍ አድርጉልኝ። ይህ ሕመም ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር በረከት መስሎ ይመጣል። ሲከፋን ሁላችንም እንጠነቀቃለን፤ ሲጥመን ማን ይጠነቀቃል? ጥሞናው ከወትሮው አብልጦ ከጣመሽ፣ አሥር ደቂቃ የነበረው ሁለት ሰዓት ከሆነ፣ ሁሉ ነገር ለአንቺ የተነገረ መስሎ ከታየሽ፣ እንቅልፍሽም ከሰባት ሰዓት ወደ አራት ወርዶ ድካም የሚባል ካጣሽ፣ ያን ዕለት ጥሞናውን ተዪና ለሐኪምሽ ደውይ። እንቅልፍ እምቢ ያለው ሰው በማግስቱ ይዝላል፣ ይነጫነጫል። ትንሽ ተኝቶ እንደ ጠገበ ሰው የሚነሣው ግን ሌላ ነው። ማኒያ የሚሉት ነገር በር ላይ መቆሙን ከሚያሳብቁ ምልክቶች ዋነኛው ይህ ነው።

ይህን የምለው ከአንድ ሆሽ ትዝታ ብቻ ተነሥቼ አይደለም። ጠንከር ያለ ተመስጦ ውስጥ ቆይተው ማኒያ የገጠማቸው ሰዎች ታሪክ በሕክምና መጽሔቶች ተጽፏል። በሌላ በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት አለ። ባይፖላር ያለባቸው 95 ሰዎች ተመርጠው፣ ገሚሶቹ ከተለመደው ሕክምና በተጨማሪ የጥሞና ሥልጠና ተሰጣቸው። ሥልጠናው ሕመሙ ተመልሶ እንዳይመጣ አላደረገም፤ የወሰዱት ሰዎች ጭንቀት ግን ቀለል ብሎ ተገኘ። እህቴ፣ ይህ ለሁለቱም ዘመዶችሽ መልስ ነው። «ያሳብድሻል» ላለሽው፦ በልክና በሥርዓት ለያዘው ሰው ጭንቀቱን ሊያቀልለት ይችላል በይው። «ክኒኑን ተዪው» ላለችሽ፦ ጥሞና የመድኃኒቱን ቦታ አልያዘም በያት።

«ይሄ የፈረንጅ ሕመም ነው» እያላችሁ የምትጽፉልኝም አላችሁ፤ ተዉ እንጂ። ቡታጅራ ላይ ተመራማሪዎች ቤት ለቤት ዞረው ከ68 ሺህ በላይ ጎልማሶችን ጠይቀው፣ ይህ ሕመም ያለባቸው 315 ሰዎች አግኝተዋል። ቡታጅራ የእኛው አገር ናት። እነዚያ ሰዎች አራሾች፣ እናቶች፣ የሰፈር ልጆች ናቸው።

አሁን ሙቀት ሊቲየም በሚወስድ ሰው ላይ ወደሚያደርገው ልምጣ። ካርቱም ላላችሁ፣ መተማ፣ ሑመራ፣ ጅቡቲ፣ ዓረብ አገር ላላችሁ፣ ይህን ክፍል ለብቻው ያዙልኝ። ሊቲየም ጨው ነው። ኩላሊታችን ሊቲየምን ከገበታ ጨው ብዙም ለይቶ አያየውም። ሰውነት በላብ ውኃና ጨው ሲያጣ ኩላሊት ጨዉን አጥብቆ ይይዛል፤ ሊቲየሙንም አብሮ ይይዛል። ስለዚህ የክኒኑ ቁጥር ሳይጨመር ደም ውስጥ ያለው መጠን ከፍ ይላል። ሊቲየም ደግሞ የሚፈውስበት መጠንና የሚመርዝበት መጠን የሚራራቁ አይደሉም። ላብ ሲወርድ ውሎ፣ ውኃ ሳይጠጣ ተጾሞ፣ ማታ ደግሞ ረጅም ስግደት ሲጨመር ምን እንደሚሆን አስቡት። እጅ ከወትሮው አብልጦ ከተንቀጠቀጠ፣ ተቅማጥና ትውከት ከመጣ፣ ሲራመዱ መንገዳገድ፣ ሲናገሩ ምላስ መተሳሰር ከታየ፣ «ሙቀት ነው» አይባልም፤ የሚቀጥለውን ክኒን ሳይውጡ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ነው። ለራስ ምታቱና ለወገቡ ብለን ከፋርማሲ እየገዛን የምንውጣቸው ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ይህንኑ መጠን ከፍ ያደርጋሉ። ፋርማሲስቱን «ሊቲየም እወስዳለሁ» በሉት። አታፍሩ፤ ስኳር ያለበት ሰው ስኳር አለብኝ ሲል ያፍራል?

ጾሙንስ? ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ጾምን ታቀልለታለች፤ እስልምናም ለታመመ ሰው የረመዳኑን ቀን በሌላ ቀን እንዲተካ ፈቅዷል። ሃይማኖታችሁ ያቀለላችሁን ሸክም ራሳችሁ አታክብዱት። ከንስሐ አባታችሁ ጋር፣ ከሼኹ ጋር፣ ከሐኪሙም ጋር ጾሙ ሳይገባ ተነጋገሩ። በ1999 ዓ.ም. የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው ቢወሰዱ አይጣሉም ብለው በአደባባይ ሲናገሩ ስንት ሰው ነፍሱ ተመለሰች! ለዚህኛውም ሕመም ያው ነው። ካርቱም የኖራችሁ የኦምዱርማኑን የቲጃኒ አል ማሂ ሆስፒታል ታውቃላችሁ። ስሙ የተሰየመለት ሱዳናዊው የአእምሮ ሐኪም የአገሩን ባህላዊ ፈዋሾች ሳይንቅ ከእነሱ ጋር እየተነጋገረ የሠራ ሰው ነበር። ጸሎትም መድኃኒትም አንድ ቤት ውስጥ ይኖራሉ። ማታ ግን ቤቱን መያዝ ያለበት እንቅልፍ ነው።

ታዲያ እንዴት ትቀመጪ? በመጀመሪያ ሰዓቱን ከማታ ወደ ጠዋት አዙሪው፤ ወይም ከሰዓት በኋላ። ሌሊት ተነሥቶ መቀመጥ ይቅር። አሥር ደቂቃ ይበቃሻል፤ ስልክሽ ሲጮህ ተነሺ፤ «ጥሞኛል፣ ትንሽ ልጨምር» አትበይ። መጨመር ካማረሽ ለሐኪምሽ ነግረሽ ጨምሪ። ዓይንሽን ግለጪ፣ እግርሽ መሬት ይንካ፣ ትንፋሽሽን አታፍጥኚ፣ አፍነሽም አትያዢ። መቀመጡ ከከበደሽ ተራመጂ፤ ወይም ቡና ስትቆዪ እጅሽ ላይ፣ ሽታው ላይ ብቻ ልብሽን አሳርፊ። የሚቆላው ቡና ድምፅ ከማንኛውም የስልክ ድምፅ ይሻላል፤ ጠዋት ይሁን እንጂ፣ ማታ ቡናውን ተዪው። ለብቻ ተዘግቶ ለቀናት ዝም የሚባልበት ቦታ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚቆምበት ሱባኤ፣ እስኪነጋ የሚቆይ ዚክር፣ ይህን ሁሉ ሐኪምሽ ሳያውቅ አትጀምሪ። ከጀመርሽም መድኃኒትሽ ከእጅሽ አይለይ፤ የመኝታ ሰዓትሽም አይነካ።

ደግሞ አንድ ሰው ይኑርሽ። ይህ ሕመም ወደ ላይ ሲወጣ በመጀመሪያ የሚሰውረው የራስን ሁኔታ ማየትን ነው፤ ወንድማችን ከእሱ በላይ ጤነኛ ሰው እንደሌለ ይምልልን ነበር። ስለዚህ ደህና በሆንሽበት ቀን፣ አብራሽ ለምታድር አንዲት ሴት እንዲህ በያት፦ ሁለት ሌሊት በደንብ ሳልተኛ ደስ ብሎኝ ካየሽኝ፣ ብቆጣሽም እንኳ ሐኪም ጋ ውሰጂኝ። አስቀድመሽ ፈቃድ ስጫት። በዚያ ሰዓት ፈቃድ ብትጠይቅሽ እምቢ ትያለሽ።

ሰዓቱ አለቀ እየተባልኩ ነው፤ የቀረውን በጥድፊያ ልበለው።

ስሜት ወደ ታች ሲወርድ፣ ድብርቱ ሲጫን፣ ዓይን ጨፍኖ ለብቻ መቀመጥ ክፉ ሐሳብን ሊያመላልስ ይችላል፤ ያን ጊዜ ከሰው ጋር ሁኑ፣ ውጡ፣ ተራመዱ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ዛሬውኑ ለሰው ንገሩ፣ ሐኪም ቤት ሂዱ፤ ነገን አትጠብቁ።

ጦርነቱን ሸሽታችሁ ከአርካዊት የወጣችሁ ስንቶቻችሁ መድኃኒታችሁ መተማ ሳትደርሱ እንዳለቀባችሁ ጽፋችሁልኛል። ሊቲየም በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ቶሎና በርትቶ ሊመለስ ይችላል። የመድኃኒቱን ስምና መጠን በወረቀት ጽፋችሁ ቦርሳችሁ ውስጥ አኑሩ፤ ያለቀባችሁ በራሳችሁ ደርባችሁ አትጀምሩ፣ ሐኪም ያስጀምራችሁ። የደም ምርመራችሁን፣ የኩላሊትና የታይሮይዱንም ጭምር፣ አትዝለሉ። ሌላውን የዚህ ሕመም መድኃኒት፣ ሶዲየም ቫልፕሮኤትን፣ የምትወስዱ፣ ልጅ ለመውለድ የምታስቡ ሴቶች፣ ከመጸነሳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ፤ ጽንሱን ይጎዳልና። ይህ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ይፈልጋል፤ እመለስበታለሁ።

እህቴ፣ ከዛሬ ማታ ጀምረሽ የተኛሽበትንና የነቃሽበትን ሰዓት አንድ ደብተር ላይ ጻፊ። ከጎኑ ለስንት ደቂቃ በጥሞና እንደተቀመጥሽ ጻፊ። ሁለቱን ቁጥሮች አስተያዪ፤ አንዱ ሲጨምር ሌላው እየቀነሰ ከሄደ ደብተሩን ይዘሽ ወደ ሐኪምሽ ሂጂ። ብርሃኑን ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት አጥፊው፤ የስልኩንም። ደህና እደሩ።