የስፔክትረም አናላይዘር ወለል ከፍ ሲል፤ የሀቢቾው ምርመራ



በዛሬው ንግግሬ የማነሣው ጉዳይ፣ ኖይዝ ፍሎር እያልን የምንጠራው የሁከት ወለል በስፔክትረም አናላይዘር ላይ ባልታሰበ ሁኔታ ከፍ ብሎ ሲገኝ ስለሚደረገው ምርመራ ነው። ለዚህም በሆሳዕና አካባቢ፣ በሀቢቾ፣ ያጋጠመኝን አንድ ሥራ ምሳሌ አደርጋለሁ። የአንድ መሥሪያ ቤት የቪ.ኤች.ኤፍ. ሬዲዮ በበጋ ወራት መልእክት መቀበል ተስኖት፣ ተቀባዩ ክፍል ተበላሽቷል ተብሎ ሌላ በውጭ ምንዛሪ እንዲገዛ ጥያቄው ተዘጋጅቶ ነበር።

በቅድሚያ መጠየቅ የሚገባው ሁከቱ የማን ነው የሚለው ነው። አንቴናው ተነቅሎ በአናላይዘሩ መግቢያ ላይ ባለ 50 ኦም ማሳረፊያ ሲገጠም፣ የሚቀረው ወለል የመሣሪያው የራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን በኒው ጀርሲ የአንቴናቸውን ሁከት የለኩት በፈሳሽ ሂልየም ከቀዘቀዘ ማሳረፊያ ጋር እያነጻጸሩ ነበር። ርግቦቹን አስወጥተው ኩሱን ከጠረጉ በኋላም ትርፉ ሁከት አልጠፋም፤ ከጽንፈ ዓለም የሚመጣ ጨረር ሆኖ ተገኘና በ1978 የኖቤል ሽልማት አስገኘላቸው። የእኛ ሁከት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የቀረበ ምንጭ አለው።

ሪዞሉሽን ባንድዊድዙ ከ100 ወደ 10 ኪሎኸርትዝ ሲጠብ የሙቀት ሁከት 10 ዴሲቤል ይወርዳል፤ የአንድ ጣቢያ ተሸካሚ ሞገድ ባለበት ይቆያል፤ በብልጭታ የሚመጣ ሁከት ጫፉ እስከ 20 ዴሲቤል ሊወርድ ይችላል። የመግቢያው አቴኑዌተር በ10 ዴሲቤል ሲጨመር ደግሞ የመሣሪያው ወለል በዚያው ልክ ከፍ ሲል፣ ከውጭ የገባው ሞገድ በማሳያው ላይ ከቦታው አይነቃነቅም። ዝቅ የሚል ጫፍ ከታየ፣ መሣሪያው በብርቱ ማሠራጫ ተጨናንቆ ራሱ የፈጠረው ነው። በእኔ አስተያየት ከፈተናዎች ሁሉ ይህ ይበልጣል፤ የሚጠይቀው አንድ ቁልፍ መንካት ብቻ ነውና።

በሀቢቾ ማሳረፊያው እንደ ተገጠመ ወለሉ ወረደ፤ ሁከቱ የሚገባው በአንቴናው በኩል ነበር ማለት ነው። አናላይዘሩን በባትሪ እያሠራን የግቢውን ኤሌክትሪክ ከቆጣሪው አጠፋን። የኤል.ኢ.ዲ. አምፖልና የፀሐይ ኃይል ቻርጀር በበዛበት በዚህ ዘመን ይህን ሳያደርጉ ወደ ውጭ መውጣት ድካም ነው። ሁከቱ አልቀነሰም። በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ቆመን ከጊዜ አንጻር ስንመለከተው በየ10 ሚሊሴኮንዱ የሚነሣ ብልጭታ ታየ። የሀገራችን ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ዙር ስለሚሠራ፣ ብልጭታውም በየዙሩ ሁለት ጊዜ ስለሚነሣ፣ ጥርጣሬያችን ወደ ኃይል መሥመሩ ዞረ። ዝናብ በጣለበት ዕለት ሁከቱ መጥፋቱ ጥርጣሬውን አጠናከረው። የባሕር ዛፍ ምሰሶ በበጋ ደርቆ ሲኮማተር ብሎኑ ይላላል፤ በላሉት ብረቶች መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ብልጭታ ይዘላል፤ እርጥበት ሲያገኝ ክፍተቱ ይደፈናል።

በእጅ የሚያዝ ኤ.ኤም. ሬዲዮ ይዘን መሥመሩን ተከተልን። ስንቀርብ ድምፁ በየምሰሶው የበረታ ስለሚመስል ወደ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ እየተሸጋገርን ምንጩን ለየን። ምሰሶውን መደብደብም ሆነ መውጣት የእኛ ሥራ አይደለም፤ አደጋውም ሞት ነው። የመሥመሩ ሠራተኞች ኃይል አጥፍተው የላላውን የኢንሱሌተር ማሠሪያ አጠበቁት። በዚያው አቀማመጥ ደግመን ስንለካ ወለሉ ማሳረፊያው ተገጥሞ ከታየው ጋር እኩል ሆነ፤ የግዢው ጥያቄም ተሰረዘ። ከጎረቤት ቻርጀር የሚመጡ፣ እኩል የተራራቁ ጥቂት ቀጫጭን ጫፎች እስከ ዛሬ ይታያሉ፤ ሬዲዮው ከሚሠራበት ፍሪኩዌንሲ ስለሚርቁ ትተናቸዋል።