ፈጣን ቻርጀር ስንመርጥ ምን እንይ?

(በማኅበራችን መደበኛ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ከመካከላችን የኤሌክትሪክ መኪና በብድር ገዝተው ለትራንስፖርት ሥራ ያሰማሩ እህቶች አሉ። ለእነሱ ቻርጀር ላይ የሚባክን አንድ ሰዓት ከወር ክፍያቸው ላይ የሚጎድል ገንዘብ ነው።

በመጀመሪያ የሚታየው መሰኪያው ነው። ለቻይና ገበያ የተሠሩ መኪናዎች ጂቢ/ቲ የሚባለውን፣ ለአውሮፓ የተሠሩት ሲሲኤስ 2 የሚባለውን መሰኪያ ይጠቀማሉ። ስማቸውና መልካቸው አንድ የሆነ ሁለት መኪናዎች እንኳ በዚህ ሊለያዩ ይችላሉ። የመኪናችሁን ሶኬት ፎቶ አንስታችሁ በስልካችሁ ያዙ፤ ወደ ጣቢያው ከመሄዳችሁ በፊትም ደውላችሁ አረጋግጡ። ማን እንደሠራው በማይታወቅ ማገናኛ ፈጣን ቻርጅ አታድርጉ፤ የሚያልፍበት ኤሌክትሪክ ከፍተኛ ስለሆነ ሊግልና ሊያቃጥል ይችላል።

ሁለተኛው ጉልበቱ ነው። ቻርጀሩ ላይ 120 ኪሎዋት ስለተጻፈ መኪናችን 120 ትቀበላለች ማለት አይደለም። የሚወስነው ከሁለቱ ትንሹ ቁጥር ነው። ቢበዛ 60 ኪሎዋት የምትቀበል፣ ባትሪዋም 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ መኪና እንውሰድ። ከ20 በመቶ ወደ 80 በመቶ ለመድረስ 36 ኪሎዋት ሰዓት ትፈልጋለች፤ ይህም በትንሹ 36 ደቂቃ ይወስዳል። በ120ው ቻርጀር ላይ ብትሰካም ከዚህ አይፈጥንም። እንግዲህ ትልቁ ቻርጀር ጋ ወረፋ ካለና ባለ 60ው ክፍት ከሆነ፣ ለዚህች መኪና ትክክለኛው ባለ 60ው ነው። አንዱ ቻርጀር ለሁለት መኪና ጉልበቱን የሚያካፍል መሆኑንም ጠይቁ።

ከ80 በመቶ በኋላ መኪናዋ ራሷ ባትሪውን ለመጠበቅ ቀስ እያለች ትቀበላለች፤ እንስራ ሊሞላ ሲል ውኃውን ቀነስ እንደምናደርገው ማለት ነው። ክፍያው በደቂቃ ከሆነ ይህ የመጨረሻው ክፍል ውድ ይሆናል። ስለዚህ ዋጋው በኪሎዋት ሰዓት ነው ወይስ በደቂቃ ብላችሁ ሳትጠይቁ አትሰኩ።

ሦስተኛው መንገዱ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ቁልቁለት ስለሚበዛ ባትሪው ይቆጠባል፤ ስንመለስ ግን ዳገት ነው። በመሄጃው ፍጆታ መመለሻውን አትገምቱ። ባትሪው ካነሰ አዳማ ላይ ሞልታችሁ ተነሡ።

አራተኛው ቦታው ነው። ሴት ሆነን በምሽት ግማሽ ሰዓት የምንቆምበት ስፍራ መብራት፣ ጥበቃና መጸዳጃ ቤት ያስፈልገዋል። ሁለት ኪሎሜትር ርቆ ሰው ያለበት ጣቢያ፣ ቅርብ ሆኖ ጭር ካለው ይሻላል።

ቤቷ ውስጥ በባለሙያ የተዘረጋ መስመር ያላት ሌሊቱን ቀስ አድርጋ ትሙላ፤ አብዛኛውን ጊዜ ርካሹ እሱ ነው። ፈጣኑ ለችግር ቀንና ለሩቅ መንገድ ይሁን።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። እያንዳንዳችን ከሄድንበት ጣቢያ የመሰኪያውን ዓይነት፣ ዋጋውን፣ የወረፋውን ሁኔታና የቦታውን ደኅንነት በማኅበሩ መዝገብ ላይ እንጻፍ። የአንዷ ድካም ለሌላዋ መንገድ ይሆናል። ደጋፊዎቻችንም ለአባላት የጋራ ቻርጀር ስለማቆም አብራችሁን ብትመክሩ ደስ ይለናል።