ማንም ያልተከለው ዛፍ በንብረት መዝገባችን

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



አጀንዳው ላይ "የንብረት ቆጠራ ሪፖርት" የሚል ስላያችሁ የወንበር፣ የሚዛንና የጆንያ ዝርዝር እንደምናነብላችሁ ሳትጠብቁ አልቀራችሁም። ዝርዝሩ ተባዝቶ በእጃችሁ ስላለ አናነበውም። የምንናገረው በመጨረሻው ገጽ ላይ የዋጋው ቦታ ባዶ ስለተተወ አንድ ንብረት ነው። ተራ ቁጥሩ 47 ነው፤ "ዛፍ፣ ብዛት 1፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ" ይላል።

ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ወረፋ ስትጠብቁ ጥላው ሥር ትቀመጣላችሁ፤ ሕፃናት ታስተኛላችሁ። ግንዱ እንደ አዞ ቆዳ የተሰነጣጠቀ፣ ቅጠሉ ረዘም ብሎ በየቅርንጫፉ ጫፍ የተሰበሰበ ነው። በሰፈራችን ያለው ማንጎ፣ ፓፓያና ኒም ሁሉ ተካይ አለው፤ ማን እንደተከለውም ይታወቃል። የዚህን ዛፍ ተካይ የሚያውቅ ሰው ግን የለም። ቦታው ለማኅበራችን ሲሰጥ ዛፉ እዚያው ቆሞ ነበር።

ከመካከላችን ብዙዎቻችን የሰፋሪ ልጆች ነን። ወላጆቻችን ከ1977ቱ ድርቅ ጋር በተያያዘው ሰፈራ ወደ አቦቦ መጥተው፣ በቁጥር በሚጠሩት መንደሮች ውስጥ ጎጆ ቀለሱ። የሚያውቁት ዛፍ ዋርካ፣ ወይራ፣ ባሕር ዛፍ ነበር። ይህንን አያውቁትም። "የጫካ እንጨት" ብለው አለፉት፤ እኛም ከእነሱ ሰምተን እንዲሁ ስንለው ኖርን።

የአኙዋ እናቶቻችን ግን ከጥንት ያውቁታል። ያልነገሩን ስላልጠየቅናቸው ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት አባላችን ከአዲስ አበባ የተላከላትን የቆዳ ቅባት ለማሳየት ወደ ወፍጮ ቤቱ ይዛ መጣች። በቆርቆሮው ላይ የቡናማ ፍሬ ሥዕል አለ። ከእናቶቻችን አንዷ ቆርቆሮውን ተቀብለው አገላብጠው አዩና፣ ከት ብለው ስቀው ጣታቸውን ወደ ዛፉ ቀሰሩ። "ይህንንማ ልጅ ሆኜ ስለቅመው ነው ያደግሁት፤ እናንተ በብር ትገዙታላችሁ?" አሉን። "በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል" የሚለው ተረት ለእኛ የተተረተ መሰለን።

ዛፉ ሺያ ነው። በየሱቁ "ሺያ በተር" የሚባለው ቅባት የሚገኘው ከፍሬው ነው። ሺያ ከምዕራብ አፍሪካ ከሴኔጋል ተነሥቶ አህጉሩን እንደ መቀነት አቋርጦ በምሥራቅ በኩል እኛ ጋ ያበቃል። በአገራችን የሚታወቀው በጋምቤላ ቆላ ነው። ሁለት ዓይነት ሲሆን፣ የእኛው ከደቡብ ሱዳንና ከሰሜን ኡጋንዳው ጋር አንድ ነው፤ ቅባቱ ከምዕራቡ ይልቅ ለስለስ ይላል። በጋናና በቡርኪና ፋሶ ፍሬውን የሚለቅሙትም ቅባቱን የሚያወጡትም በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ቅባቱ ለምግብ፣ ለቆዳና ለፀጉር ይሆናል። የአውሮፓ ኅብረት በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ቸኮላት ውስጥ እስከ 5 በመቶ እንዲገቡ ከፈቀዳቸው የአትክልት ቅባቶች አንዱም ይኸው ነው።

አሠራሩን ከእናቶቻችን ተምረናል። የበሰለው ፍሬ ራሱ ይወድቃል፤ ይለቀማል። ሥጋው ጣፋጭ ስለሆነ ይበላል። ዘሩ ተቀቅሎ በፀሐይ ይደርቃል፤ ቅርፊቱ ተሰብሮ አስኳሉ ይወጣል። አስኳሉ ተቆልቶ፣ ተወቅጦና ተፈጭቶ ሊጥ ከሆነ በኋላ ውሃ እየተጨመረ በእጅ ይመታል። እየነጣ ሲሄድ ቅቤው ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ተገፍፎ ይነጠራል። ከደጋ የመጡት እናቶቻችን ይህንን ሲያዩ፣ "ከዛፍም ቅቤ ይናጣል ማለት ነው?" ብለው ተደነቁ። አዎ፣ ይናጣል።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንምጣ፤ እኛ የተቀጠርነው ለዚያ ነውና።

እንደምታውቁት ደጋፊዎቻችን በሰጡን ገንዘብ የእህል መጋዘን ልንሠራ ነው። በፕላኑ መሠረት መጋዘኑ የሚያርፈው ልክ ዛፉ ያለበት ማዕዘን ላይ ነው። ፕላኑ ሲነደፍ ዛፉ በወረቀቱ ላይ አልታየም። "ይቆረጥና ከሰል ይሁን፤ ከሰሉም ተሽጦ ለሚስማር መግዣ ይሁን" የሚል ሐሳብ ከአባላት ቀርቧል። በኑሮ ውድነት ከሰል እየሸጡ ልጅ የሚያስተምሩ እህቶች አሉን፤ ሐሳቡን አንነቅፈውም። ነገር ግን ሁለቱን ጎን አስልተን ማቅረብ ግዴታችን ነው።

ዛፉ ከተቆረጠ ጥቂት ጆንያ ከሰል ይወጣዋል፤ ያም አንድ ጊዜ ብቻ። ከቆመ ግን፣ አንድ የሺያ ዛፍ በአማካይ በዓመት ከ15 እስከ 20 ኪሎ ግራም እርጥብ ፍሬ እንደሚሰጥ ይነገራል። ከዚያ የሚገኘው ደረቅ አስኳል ከ3 እስከ 4 ኪሎ ነው። በእጅ ሲወጣ ቅቤው አንድ ኪሎ ገደማ ቢሆን ነው። ስለዚህ ሕልም አንሸጥላችሁም፤ አንድ ዛፍ ማኅበር አያኖርም። ቢሆንም አንድ ኪሎው በየዓመቱ ይመጣል፤ ዛፉ ደግሞ 200 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊኖር ይችላል።

ይበልጥ የሚከብደው መተኪያው ነው። ሺያ ከዘር ተነሥቶ ፍሬ ለመስጠት 15 ወይም 20 ዓመት ይፈልጋል። ዛሬ ቆርጠን ነገ ብንተክል፣ መጀመሪያ የሚለቅሙት አሁን ጡት የሚጠቡት ልጆቻችን ናቸው። ዘሩም እንደ በቆሎ በጎተራ አይቀመጥም፤ ከወደቀ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ካልተተከለ የመብቀል ኃይሉን ያጣል። የበቀለውን ችግኝም በበጋ ሣር ሲቃጠል እሳቱ ይበላዋል፤ ከእሳት የተረፈውን ፍየል ይጨርሰዋል። ትልልቆቹ እየተቆረጡ ትንንሾቹ ካላደጉ የሚሆነው ግልጽ ነው።

ታዲያ በተራ ቁጥር 47 ትይዩ ምን ዋጋ እንጻፍ? አገራችን በ2006 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 847 ዓለም አቀፍ የሂሳብ ሪፖርት ደረጃዎችን ተቀብላለች። ከእነዚህ ቁጥር 41 የሚባለው ስለ ግብርና ነው። እኛን የሚያህል ትንሽ ማኅበር እያንዳንዱን አንቀጽ ባይከተልም ሐሳቡ ይጠቅመናል። ደረጃው እንደሚለው አንድ ተክል የግብርና ሀብት ተብሎ የሚታየው ሰው እድገቱን ሲመራው፣ ሲንከባከበውና ሲቆጣጠረው ነው። ከውሃ ዓሣ ማጥመድ፣ ከዱር እንጨት መቁረጥ ግብርና አይባልም። በአልዌሮ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ወንዙን ንብረቴ ብሎ እንደማይመዘግበው ማለት ነው።

ዋጋውን ባዶ የተውነው ለዚህ ነው። ዛፉን እስከ ዛሬ ማንም አልጠበቀውም፤ ጥላውን ብቻ ስንጠቀም ኖርን። ከዛሬ ጀምሮ ብናጥረው፣ ዙሪያውን ከእሳት ብንመነጥርለት፣ ፍሬውን በወቅቱ ብንለቅምና ዘሩን ብንተክል፣ ያን ጊዜ በመዝገባችን ላይ በሙሉ አፋችን "የማኅበሩ ንብረት" ብለን መጻፍ እንችላለን። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010ም ማኅበራት የደን ባለቤት መሆን እንደሚችሉ ያውቃል። በየእርሻችን ዳር የቆሙትን ሌሎች የሺያ ዛፎች ስንቆጥር ነገሩ ከአንድ ዛፍ ያልፋል።

ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፣ መጋዘኑ ወደ ምሥራቅ 8 ሜትር ይገፋ። ቦታው ዝቅ ያለና ክረምት ውሃ የሚተኛበት ስለሆነ ለመሠረቱ ተጨማሪ ድንጋይና ሲሚንቶ ያስፈልጋል። ተጨማሪው ወጪ ከአንድ ወር የወፍጮ ገቢያችን ጋር ይቀራረባል። አንደብቃችሁም፣ በዚያ ወር ለአባላት የሚሰጠው አነስተኛ ብድር ይቆማል። ደጋፊዎቻችንን የምንጠይቀው ሌላ ገንዘብ ሳይሆን ለፕላኑ ለውጥ ፈቃዳቸውን ነው።

ሁለተኛ፣ ዝናብ ገብቶ ፍሬው ሲወድቅ የአኙዋ እናቶቻችን አስተማሪ ሆነው ቅቤ አወጣጡን ለወጣት አባላት ያሳዩ። ለሥልጠና ሌላ ባለሙያ እንደምንከፍል ሁሉ ለእነሱም አበል ይከፈል፤ ዕውቀታቸው በነፃ የሚወሰድ አይደለም።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዷ አባል በእርሻዋና በግቢዋ ያለውን የሺያ ዛፍ ቆጥራ ለሂሳብ ክፍል ታስመዝግብ። ስንት እንደሆኑ ሳናውቅ ስለ ገበያ ማውራት ዶሮ ሳትፈለፍል ጫጩት መቁጠር ነው። ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ለቤታችን ፍጆታ እንጠቀምበታለን፤ በርከት ካለ በሚቀጥለው ጉባኤ ስለ ጋራ ማምረቻ እንመካከራለን።

ብድሩ የሚቆምባችሁ እህቶች በዚህ እንደምትጎዱ እናውቃለን፤ ከእናንተ መካከል ተቃውሞ ካለ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ይሰማ። ተራ ቁጥር 47ን የምንሞላው ከጉባኤው ውሳኔ በኋላ ነው። እስክሪብቶውን ይዘን እንጠብቃለን።